ጉድጓዱ ሳይሸፈን አሳዩኝ በሉ

ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከዶሃ ወይም ከዱባይ በምትልኩት ገንዘብ አገር ቤት ቤት እየተሠራ ከሆነ፣ ስልካችሁ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች እስኪ አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ እዩዋቸው። መሠረቱ ሲቆፈር አለ። ብሎኬቱ ሲደረደር አለ። ቆርቆሮው ሲመታ፣ ሴራሚኩ ሲነጠፍ፣ የግቢው በር ቀለም ሲቀባ አለ። በብዙዎቻችሁ ስልክ ውስጥ የማይገኘው የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ሥራ የሚቀርጽ ዘመድ ብዙ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። አንድ ቀን "ሽንት ቤቱም አለቀ" የሚል ድምፅ በኢሞ ይመጣል፣ የተጠየቀው ብር ይላካል፣ ጉድጓዱ ይከደናል፣ አፈር ይለብሳል።

ጥፋቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ክረምት ሲገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ጉድጓዱ ወደ ላይ ይመልሳል። መጸዳጃው ውሃ አልወስድ ይላል፣ ግቢው ይሸታል፣ ጎረቤት "ፍሳሻችሁ ወደ እኔ እየመጣ ነው" ብሎ ቀበሌ ይሄዳል። ያን ጊዜ እንደገና ብር ይጠየቃል፤ የምትጠየቁትም ወሩን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ስትወለውሉ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ። የከፋው ደግሞ ሳይሸት የሚመጣው ነው። ከጉድጓዱ የሰረገ ፍሳሽ በዚያው ግቢ ወይም በጎረቤት ካለ የውሃ ጉድጓድ ጋር ከተገናኘ፣ ውሃው ለዓይን ጥርት እንዳለ ሕፃናትን በተቅማጥ ይጥላል።

ስለዚህ ስለዚያ ጉድጓድ እናውራ። ስፋቱ ስንት ይሁን? ፈቃዱ ከማን ይወጣል? ከተሠራ በኋላ ማን እንዴት ይይዘዋል? ሩቅ አገር ሆኖ በስልክ ቤት የሚያሠራ ሰው እነዚህን ማወቁ ግንበኛ መሆን አይጠይቀውም።

"ሴፍቲ ታንከር" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ሁሉ "ሴፍቲ ታንከር" ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙ ሴፕቲክ ታንክ ነው። በስሙ ላይ መከራከር አያስፈልግም። ግን አንድ ግንበኛ "ሴፍቲ ታንከር ሠርቻለሁ" ሲል በእርግጥ ምን እንደሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በብዙ ከተሞቻችን በዚህ ስም የሚቆፈረው ክብና ጥልቅ፣ ዙሪያው በደረቅ ድንጋይ የተካበ፣ ታቹ አፈር የሆነ ጉድጓድ ነው። ፍሳሹ በሙሉ እዚያ ይገባል፤ ውሃው በድንጋዮቹ መሃልና በታች ይሰርጋል፤ ደረቁ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቅባቱና ዝቃጩ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ጉድጓዱም ማስረጉን ትቶ መሙላት ይጀምራል።

ሴፕቲክ ታንክ ከዚህ የተለየ ነው። ታቹም ግድግዳውም ውሃ የማያሳልፍ፣ በሲሚንቶ በደንብ የተለሰነ ሳጥን ነው። ውስጡ በአንድ ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል። ፍሳሹ መጀመሪያ ወደ ትልቁ ክፍል ይገባና ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ሳይናወጥ ይቆያል። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ላይ የሚቀረው ጠራ ያለ ውሃ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ትንሹ ክፍል ይሻገራል፤ እዚያም የቀረው ዘቅጦ ውሃው በቱቦ ይወጣል። አየር የማይፈልጉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ዝቃጩን እየበሉ ይቀንሱታል። ጨርሰው ግን አያጠፉትም። "ዕድሜ ልኩን አይመጠጥም" የሚል ግንበኛ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የሚወጣው ውሃስ የት ይሄዳል? ብዙ ቤት ላይ የሚረሳው ይህ ነው። ጠራ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም፤ በሽታ አምጪው ነገር አሁንም አብሮት አለ። ስለዚህ ከታንኩ ቀጥሎ ማስረጊያ ያስፈልጋል፦ ድንጋይና ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ፣ ወይም ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ላይ የተዘረጋበት ቦይ። የማጣራቱን ሥራ የሚጨርሰው አፈሩ ነው። ማስረጊያ የሌለው ታንክ በየጊዜው ቦቴ ያስጠራል። ቦቴው ሲወደድ ደግሞ ሌሊት፣ ዝናብ ጠብቆ ወደ መንገድ ቦይ መልቀቅ ይመጣል፤ ይህ በከተሞቻችን ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም "እኔ ነኝ" የማይለው ነውር ነው።

ሳዑዲ የሠራችሁ ነገሩን "ባይያራ" በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። የከተማው የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባቸው ሠፈሮች ውስጥ ከቪላው ሥር ጉድጓድ አለ፤ ሲሞላ "ዋይት" የሚሉት መኪና መጥቶ ይመጥጠዋል። የተመጠጠው የት እንደሚደፋ ካልታሰበበት ምን እንደሚመጣ ጅዳ አይታዋለች። ለዓመታት ቦቴዎች ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ የደፉት ፍሳሽ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆኖ ነበር። ሰዉም በምፀት "የምስክ ሐይቅ" አለው፤ ምስክ የሽቶ ስም ነው። በኖቬምበር 2009 እ.ኤ.አ. ጅዳን የመታው ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው ከገደለና ሐይቁ ቢፈነዳስ የሚል ፍርሃት ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነው የማድረቁ ሥራ በጥብቅ የተያዘው።

ሁሉም ቤት ታንክ አያስፈልገውም

ወላጆቻችሁ ገጠር ከሆኑና ውሃ የሚመጣው በጀሪካን ከሆነ፣ የውሃ መጸዳጃና ሴፕቲክ ታንክ ማሠራት ገንዘብን መቅበር ነው። አንድ ጊዜ ለመልቀቅ ብቻ ስድስትና ዘጠኝ ሊትር፣ በአሮጌው ዓይነት ደግሞ ከዚያ በላይ ውሃ ይፈሳል። ይህን ውሃ ከምንጭ ተሸክማ የምታመጣው እህታችሁ ናት። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሻለው በደንብ የተሠራ ደረቅ መጸዳጃ ነው፦ ሊታጠብ የሚችል የሲሚንቶ ወለል፣ ክዳን፣ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይም የዝንብ ወንፊት። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ከማንም በተሻለ ትመክራለች፤ ለምክሯ ክፍያ የለውም።

ታንክ የሚያስፈልገው የቧንቧ ውሃ ገብቶ፣ መታጠቢያና የውሃ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲኖር፣ የከተማው የፍሳሽ መስመር ደግሞ በደጃፍ ሳያልፍ ሲቀር ነው። መስመሩ የሚያልፍ ከሆነ ከእሱ ጋር መገናኘት ከማንኛውም ጉድጓድ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያውቀው የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ነው። ሳይጠየቅ ቁፋሮ አይጀመር።

ስንት ሰው ነው የሚኖርበት?

የታንክ ስፋት የሚወሰነው በቤቱ ማማር ወይም በክፍሎቹ ስፋት ሳይሆን በሰው ቁጥር ነው። የእንግሊዝ አገር መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ እዚህ የማቀርበው በራሳችሁ ስልክ ላይ ልታሰሉት ስለምትችሉ ነው። የሰዉን ቁጥር በ180 ታበዛላችሁ፣ 2000 ትጨምሩበታላችሁ። የሚወጣው መልስ ታንኩ ሊይዝ የሚገባው በሊትር ነው።

ስድስት ሰው ላለበት ቤት 6 ሲበዛ በ180 ማለት 1080፣ ሲደመር 2000፣ 3080 ሊትር ይሆናል። በሜትር ኩብ ሦስት ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነውና።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ቤት ብዙ ጊዜ ለቤተሰብ ብቻ አይቀርም። ከኋላ ሰርቪስ ይሠራል፣ ይከራያል፤ እናታችሁ የምትኖረውም፣ እናንተ ስትመለሱ የምትተማመኑበትም በዚያ ኪራይ ነው። አራት ክፍል ሰርቪስ፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢባል ስምንት ተከራይ ይጨመራል። ስድስቱ ቤተሰብ ሲደመር አሥራ አራት ሰው ሆነ። አሁን ስሌቱ 14 ሲበዛ በ180፣ ማለትም 2520፣ ሲደመር 2000፣ 4520 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል። ለስድስት ሰው የተሠራው ታንክ አሥራ አራቱን ሲቀበል ፍሳሹ ለመዝቀጥ ጊዜ አያገኝም፤ ዝቃጩን ይዞ ወደ ማስረጊያው ይገባና እሱንም ይደፍነዋል። ከተደፈነ ደግሞ ማስረጊያን ማዳን ከባድ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ መቆፈር ይመጣል። ግቢው ጠባብ ከሆነ ሌላ ቦታው ከየት ይመጣል? ሰርቪሱን ለመሥራት ገና ሁለት ዓመት የቀረው ቢሆንም ተከራዩን ዛሬውኑ ቁጠሩት።

እነዚያ 4500 ሊትሮች በሜትር ሲታዩ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፦ ወርዱ በውስጥ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.50 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.50 ሜትር። ርዝመቱ ከወርዱ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፍሳሹ ከመግቢያ ወደ መውጫ ሲሄድ ብዙ መንገድ ይጓዛል። ከውሃው በላይ ለአየርና ለተንሳፋፊው ቅባት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተውና የውስጥ ቁመቱ 1.80 ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል የርዝመቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ሁለተኛው አንድ ሦስተኛውን ይይዛል፤ በዚህ ምሳሌ 1.70 እና 0.80 ሜትር ገደማ ነው። "ጥልቅ ከሆነ ይበቃል" የሚለውን የግንበኛ ክርክር አትቀበሉ። ስድስት ሜትር የወረደ ጠባብ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ከመቅረቡ በላይ ለመምጠጥም ያስቸግራል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ታንኩን ታንክ ያደርጉታል። የመውጫው ቱቦ ከመግቢያው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በሁለቱም ጫፍ ላይ ደግሞ ቁልቁል ወደ ውሃው የሚገባ የ"ቲ" ቅርጽ ያለው የፒቪሲ ዕቃ ይገጠማል፤ እሱ ከሌለ ተንሳፋፊው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይወጣል። ዕቃው ርካሽ ነው። ርካሽ ስለሆነም ይመስለኛል የሚረሳው።

አፈሩን በውሃ ፈትኑት

ማስረጊያው የሚሠራው አፈሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ የግድ አይደለም፤ ታናሽ ወንድማችሁ በአካፋና በባልዲ ይፈትነዋል። ማስረጊያው በታሰበበት ቦታና ጥልቀት ላይ ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍር። ማታ ውሃ ይሙላበትና እስኪነጋ ይተወው። ጠዋት እንደገና ይሙላውና ውሃው ሩቡ ከጎደለበት ጀምሮ ሩቡ ብቻ እስከሚቀርበት ድረስ፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ፣ በሰዓት ይለካ። ሦስት ጊዜ ቢደግመው ይመረጣል። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከወረደ አፈሩ ከመጠን በላይ ፈጣን ነው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ከአራት ሰዓት በላይ ከወሰደ ደግሞ አፈሩ ውሃ አይቀበልም። በመሃል ያለው ነው የሚፈለገው።

ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወገን ይወድቃል። ሌላም ጠባይ አለው፦ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስስ ግድግዳ ያለውን ታንክ አብሮ ይሰነጥቀዋል። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ የታንኩ ወለልና ግድግዳ ፌሮ ያስፈልገዋል፤ ማስረጊያውም ሰፋ ማለት ይኖርበታል። እዚህ ላይ የመሐንዲስ ክፍያ አይቆጭም።

ርቀትም አለ። ማስረጊያው ከማንኛውም የሚጠጣ የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ታቹም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ የሚታወቀው በነሐሴ እንጂ በየካቲት አይደለም፤ ስለዚህ የውሃ ጉድጓድ ያለውን ጎረቤት "ክረምት ላይ ስንት ሜትር ላይ ታገኙታላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነው። አሁን አንድ የሚመር ነገር ልበል። 200 ካሬ፣ 10 በ20 ሜትር የሆነ ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድም ማስረጊያም አድርጎ 30 ሜትር መጠበቅ አይቻልም፤ ግቢው ራሱ 30 ሜትር የለውም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። የጎረቤትም ጉድጓድ እንደ ራስ ይቆጠር። የመንደር ሰው ተስማምቶ ማስረጊያዎቹን በአንድ ወገን፣ የውሃ ጉድጓዶቹን በሌላ ወገን፣ በተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ውሃውን ከላይ ማድረግ ቢችል ምንኛ ጥሩ ነበር።

ፈቃዱ

ከተማ ውስጥ ለታንኩ ብቻ የተለየ ወረቀት ፍለጋ መሮጥ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚጸድቀው ከቤቱ ፕላን ጋር ነው። የይዞታ ማረጋገጫው፣ ማለትም ካርታው፣ ይቀርባል፤ የፕላን ስምምነት ይወሰዳል፤ ንድፉ ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ይገባል፤ ታይቶ ፈቃድ ይሰጣል። ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ መገንባትን የሕንፃ ሕጉ ይከለክላል። ከንድፎቹ መሃል የሳኒተሪ ንድፍ የሚባል ገጽ አለ። ታንኩ ግቢው ውስጥ የት እንደሚያርፍ፣ ስፋቱና የቱቦዎቹ መስመር የሚታየው እዚያ ነው። ያንን አንድ ገጽ ፎቶ አስነስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ግንበኛው ቦታ ልቀይር ሲል የምትከራከሩበት፣ ጎረቤት ሲከስም የምታሳዩት እሱ ነው።

እናንተ በአካል ስለሌላችሁ የሚሄደው ወኪላችሁ ነው። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የምታስጽፉት ውክልና "የግንባታ ፈቃድ ማውጣት፣ ፕላን ማጸደቅ" የሚሉ ቃላት እንዳሉበት ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። በጥቅሉ "ጉዳዬን እንዲከታተል" የሚል ውክልና መስኮት ላይ ሊመለስ ይችላል። ውክልናውን ለማስተካከል እንደገና ከአሠሪ ፈቃድ ጠይቆ ቆንስላ መሰለፍ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

ቦታው ካርታ የሌለው፣ ጨረቃ ቤት ከሆነስ? ፈቃድ አይወጣም፤ ሊፈርስ የሚችል ቦታ ላይ ትልቅ የኮንክሪት ታንክ ማስቀመጥም ገንዘቡን ከመሬቱ ጋር አብሮ ለዕጣ መስጠት ነው። እኔ ብሆን ነገሩ እስኪለይለት ቀላል መጸዳጃ ይበቃል እላለሁ። ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

በስልክ መቆጣጠር

ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ታንክ ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር ማሰር ነው። መጀመሪያ ቁፋሮው ሲያልቅ፣ "ወንድሜ፣ ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር ዘርጋና ቁጥሩን አስነብበኝ"። ቀጥሎ ግድግዳውና መከፋፈያው ቆሞ ሲለሰን፣ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት። ሥራውን የያዘው አጎት ከሆነ አነጋገሩ ይለወጣል፤ "ጋሼ፣ ልፋትዎ ይገባኛል፣ ሶሌታው ሳይሞላ ውስጡን አንድ ጊዜ ያሳዩኝ" ማለት አይከፋም። "አላመንሽኝም ወይ?" የሚል ቅሬታ ሊመጣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፦ አንተን አምናለሁ፣ ሲሚንቶውን ነው የማላምነው።

ከቪዲዮው ውስጥ የምትፈልጉት ይህ ነው፦ ታቹ ሊሾ ሆኗል ወይስ አፈር ነው? መከፋፈያ ግድግዳ አለ? ሁለቱ "ቲ"ዎች ተገጥመዋል? ከቤቱ የሚመጣው ባለ 110 ቱቦ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል? በየክፍሉ ላይ ክዳን አለ? የጣሪያው የዝናብ ውሃ አሸንዳ ወደ ታንኩ አልተገናኘም? የመጨረሻው ጥያቄ የሚገርማችሁ ከሆነ፣ አንድ ከባድ ዝናብ ብቻውን የታንኩን ዝቃጭ አጥቦ ወደ ማስረጊያው ሊወስደው እንደሚችል አስቡ።

የመጨረሻውን ክፍያ የውሃ ፈተናው እስኪያልቅ ያዙት። ታንኩ ውሃ ይሞላ፣ በግድግዳው ላይ የውሃው ልክ በምስማር ይጫር፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ይታይ። ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው፤ ልስኑ ይስተካከል። ይህን ፈተና የሚጠላ ግንበኛ ለምን እንደሚጠላ ያውቃል።

ክዳኖቹን በተመለከተ አንድ ጠብ አይቀርም። ቤቱ ሲያምር ክዳኑ ላይ ሴራሚክ ይነጠፍ የሚል ይመጣል። አይነጠፍ። ክዳኑ የሚነሣ፣ ግን ሕፃን የማያነሣው ከባድ ይሁን፤ ታንኩም የቦቴው ቱቦ ከመንገድ በሚደርስበት ቦታ፣ መኪና በላዩ የማይቆምበት ይሁን።

ከተሠራ በኋላ

የሚይዘው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ስለዚህ ለእሷ በሚገባ ቋንቋ መነገር አለበት። የሚያረጅ ዘይትና የቅቤ እጣቢ፣ የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢ፣ አመድ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ጨርቅ፣ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት፣ ቀለምና ጋዝ ወደ መጸዳጃው አይግቡ። በረኪና ለጽዳት ትንሽ ቢገባ ምንም አይደለም፤ በጆግ መድፋት ግን ዝቃጩን የሚበሉትን ተሕዋስያን ይገድላል። "ሽታ የሚያጠፋ፣ ጉድጓድ የሚያጸዳ" ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም አያስፈልግም፤ ተሕዋስያኑ ከፍሳሹ ጋር በራሳቸው ይመጣሉ። ተከራይ በገባ ቁጥር ይህ እንደገና ይነገር፣ የቆሻሻ ቅርጫትም መጸዳጃው ውስጥ ይቀመጥ። ቅርጫት የሌለበት መጸዳጃ ተከራይን ማማት አይቻልም።

ዝቃጩ በዓመት በአንድ ሰው 40 ሊትር ያህል ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። በአሥራ አራት ሰው 560 ሊትር ነው። ታንኩ አንድ ሦስተኛው በዝቃጭ ከተያዘ መመጠጥ አለበት፤ ለ4500 ሊትር ታንክ ይህ በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መሃል ይመጣል። በግምት ከመኖር በዓመት አንድ ጊዜ መለካት ይሻላል፦ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይጠቀለልበትና ክዳኑ ተነሥቶ በቀስታ እስከ ታች ይገባል፤ ሲወጣ ጥቁሩ የያዘው የዝቃጩን ልክ ያሳያል። መጠየቅ ያለበት ከክረምት በፊት ነው፤ ግንቦት ላይ ቦቴ ይገኛል፣ ነሐሴ ላይ ወረፋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በቅርንጫፎቹ ጥያቄ ተቀብሎ መኪና ይልካል፤ የግልም አሉ። የግል ስትጠሩ የት እንደሚደፋ ጠይቁት። ከተማዋ ለዚህ ያዘጋጀቻቸው ቦታዎች ቃሊቲና ኮተቤ ናቸው፤ "ወንዝ አለ" የሚል ሹፌር አይመጠጥለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር በጥብቅ ይነገር፦ ማንም ሰው ታንኩ ውስጥ አይግባ። ባዶ ቢመስልም፣ ክዳኑ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ቢውልም። ዝቃጩ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው፣ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያጠፋ "አሁን ሽታው ጠፍቷል" የሚል ሰው በዚያው ቅጽበት ይወድቃል። አብሮት የሚወጣው ሚቴን ደግሞ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ክብሪትም ሲጋራም ሻማም አይቅረብ። እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሆነው ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ ከዚያ ጎረቤቱ። የቀን ሠራተኛ በትንሽ ብር ገብቶ በባልዲ እንዲያወጣ የሚስማማ ዘመድ ቢኖር፣ "ይህን ገንዘብ አልልክም" በሉት። እዚያ ባላችሁበትም አሠሪ ባይያራው ውስጥ የወደቀ ዕቃ እንድታወጡ፣ ወይም ወርዳችሁ እንድታጸዱ ካዘዘ፣ ይህ የቤት ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ዋይቱ ይጠራ።

ቦቴው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ታንኩ ባዶውን ክረምቱን እንዳይጠብቅ። ከርሰ ምድር ውሃ ከፍ በሚልበት ቦታ ባዶ ታንክ፣ በተለይ የፕላስቲኩ፣ ከሥር እየተገፋ ሊነሣና ቱቦዎቹን ሊነቅል ይችላል። በዚያው ቀን ንጹሕ ውሃ እስከ መውጫው ቱቦ ድረስ ይሞላበት። የተመጠጠበት ቀን በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ይጻፍ፣ ፎቶውም ይላክላችሁ።